ኃይል በመንገድ ይገዛል፤ ስለ ቀላል መሣሪያዎች፣ ስለ ሥራና ስለ ጕልበት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በየቤቱ ጥግ የቆመው ድጅኖ፣ በየጓሮው ያለው መጥረቢያ፣ በገበያ የሚንጠለጠለው ሚዛን፣ ገበሬው ማልዶ በትከሻው ይዞት የሚወጣው ማረሻ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዘዙለት አንድ ሕግ አለ። ሕጉን አባቶቻችን በእጃቸው ያውቁታል፤ በቍጥር ለክቶ ለልጅ የሚያስተምረው ግን ጥቂት ነው። በቍጥር ያልታወቀ ነገርም ሲባክን አይታይም፤ ያልታየውም አይታረምም። ስለዚህ አስቀድሜ ሕጉን፣ ቀጥዬ በአገራችን ታሪክ የተገኘውን ምስክሩን፣ በመጨረሻም ከምንጭ ውሃ ቀድታ ለምትመለሰው ልጅ የሚያመጣላትን ጥቅም እናገራለሁ።

ሥራ ምንድር ነው ቢሉ፤ በዚህ ትምህርት ሥራ ማለት ዕቃን በኃይል ገፍቶ ወይም ስቦ ማንቀሳቀስ ነው። መጠኑም የሚታወቀው ኃይሉን ዕቃው በኃይሉ አቅጣጫ በሄደበት መንገድ በማባዛት ነው። ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው፤ 1 ኪሎ ግራም ዕቃ ወደ ምድር የሚሳብበት ኃይል 9.8 ኒውተን ያህል ይሆናል። 1 ኒውተን ኃይል ዕቃን 1 ሜትር ቢያስኬድ የተሠራው ሥራ 1 ጁል ይባላል። እንግዲህ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን አንድ ኩንታል እህል ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ከመሬት 1 ሜትር ቢያነሡት፣ 980 ጁል ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ ይጠይቃል። ኩንታሉን ተሸክሞ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ይህስ ሥራ አይደለምን ቢል፤ በእህሉ ላይ የተሠራ ሥራ የለም፤ እህሉ ከነበረበት ከፍታ አልተነሣምና። ድካሙ ግን እውነት ነው። የሰው ጡንቻ ቆሞም ቢሆን የበላውን ምግብ ያቃጥላል፤ የተቃጠለውም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ድካምና ሥራ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ደክሞ ጥቂት ሥራ መሥራት ይቻላል። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ፤ የንግግሬ ፍሬ በእርሱ ላይ ነውና።

ጕልበት ምንድር ነው ቢሉ፤ ሥራ ለመሥራት የሚያስችል ሀብት ነው። በጎተራ የተከማቸ እህል ለክረምት እንደሚሆን፣ ወደ ላይ የተነሣ ድንጋይም ጕልበት አከማችቶ ይቆያል፤ ሲወድቅ ይመልሰዋል። የሚወርድ ውሃ፣ የሚነፍስ ነፋስ፣ የሚነድ ማገዶ፣ የሚበላ እንጀራ፣ ሁሉም የጕልበት ጎተራዎች ናቸው። ጕልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ ከምንም አይገኝም፤ ወደ ምንምም አይጠፋም። ጄምስ ጁል የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1840 እስከ 1850 ባሉት ዓመታት ይህን በልኬት አሳየ። በሚወርድ ክብደት በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ አሽከርክሮ፣ የውሃውን መሞቅ በቴርሞሜትር መዘነ። 1 ኪሎ ግራም ውሃ በሴንቲግሬድ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4,200 ጁል ያህል እንደሚያስፈልግ ዛሬ እናውቃለን። የሥራ መለኪያ በስሙ ጁል የተባለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ሊቃውንት ቀላል መሣሪያዎችን 6 ብለው ይቈጥራሉ። እነርሱም መፈንቅል፣ ተዳፋት፣ በከራ፣ መንኰራኵር ከነዘንጉ፣ ሽብልቅና ብሎን ናቸው።

መፈንቅል እንደ ድጅኖ ያለ ነው። ድጅኖውን ከድንጋይ ሥር አግብታችሁ በአነስተኛ ድንጋይ ላይ ብታስደግፉት፣ ከመደገፊያው እስከ ሸክሙ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከመደገፊያው እስከ እጃችሁ 100 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኃይላችሁ 5 እጥፍ ይሆናል። 200 ኪሎ ግራም የሚከብድ ድንጋይ በ40 ኪሎ ግራም ጫና ይነሣል። ነገር ግን ድንጋዩ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል እጃችሁ 50 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። የመፈንቅልን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አርኪሜዴስ የተባለው የሲራኩስ ሊቅ በማስረጃ አጽንቶ ጽፎታል። የገበያው ሚዛንም የዚሁ ሕግ ልጅ ነው።

ተዳፋት ማለት እንደ ተጋደመ ሳንቃ ያለ ነው። ያን አንድ ኩንታል 1 ሜትር ከፍታ ባለው መኪና ላይ ለመጫን 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ አጋድማችሁ ብትስቡት፣ ፍትጊያን ለጊዜው ብንተወው፣ የሚያስፈልጋችሁ ኃይል 245 ኒውተን ብቻ ነው። ይኸውም የ980 ሩብ ነው። መንገዱ ግን 4 እጥፍ ሆነ። 245 በ4 ቢባዛ ያው 980 ጁል ይሆናል። ሽብልቅ የሚንቀሳቀስ ተዳፋት ነው፤ መጥረቢያና ማረሻ ከዚህ ወገን ናቸው። ብሎንም በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ተዳፋት ነው።

በከራ ገመድ የሚዞርበት ክብ ነው። አንዱ በከራ ከሸክሙ ጋር ወደ ላይ እንዲወጣ ሆኖ ሸክሙ በ2 የገመድ ዘርፍ ቢንጠለጠል፣ እያንዳንዱ ዘርፍ ግማሹን ይሸከማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በገመድም ይሠራል። ነገር ግን ሸክሙ 1 ሜትር እንዲወጣ 2 ሜትር ገመድ መሳብ ግድ ነው። መንኰራኵርና ዘንግም እንዲሁ ናቸው፤ በሰፊው ክብ ላይ ብዙ የዞረ እጅ በጠባቡ ዘንግ ላይ ጥቂት ገመድ ይጠቀልላል፤ ኃይሉ ግን ይበረታል።

እንግዲህ የሁሉም ሕግ አንድ ነው። በኃይል ያተረፈ በመንገድ ይከፍላል። መሣሪያ ሥራን በነፃ አይሰጥም፤ ኃይልን በመንገድ ይገዛል እንጂ። እንዲያውም ዕቃ ከዕቃ ሲፋተግ ጥቂቱ ጕልበት ሙቀት ሆኖ ስለሚያመልጥ፣ የምንከፍለው ሁልጊዜ ከምንቀበለው ይበልጣል። ራሱን በራሱ እያሽከረከረ ያለ ማገዶና ያለ ውሃ ለዘለዓለም የሚሠራ መኪና ሠራሁ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ ገንዘባችሁን አትስጡት። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1775 እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ወስኗል። ይህን የማያውቅ ብልህ ወጣት ዕድሜውን በከንቱ ምኞት ሊጨርስ ይችላልና፣ መምህሩ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀው ይገባል።

ለዚህ ሕግ በአገራችን ታላቅ ምስክር አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ አውሮጳውያን ባለ እጆች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በ1859 ዓ.ም. የሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ከደብረ ታቦር የተነሣው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ጉዞው ከ5 ወር በላይ ፈጀ። በመካከሉ የጂዳና የበሽሎ ጥልቅ ሸለቆዎች ነበሩ።

70 ኩንታል ብረት ገደል ለገደል ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ ሠራዊት አይገኝም። ስለዚህ ንጉሡ መንገድ አስቈፈሩ፤ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። መንገዱ በሸለቆው ጎን እየተጠማዘዘ ረዘመ፤ በረዘመ መጠንም ተዳፋቱ ለዘበ። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ መንገድ ቢሆን፣ ፍትጊያን ሳንቈጥር፣ 70 ኩንታሉን ለመሳብ 7 ኩንታል የሚያነሣ ኃይል ይበቃል። 100 ሰዎች ቢስቡ ለእያንዳንዱ 7 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ዳሩ ግን የመንኰራኵሩ ፍትጊያና የመሬቱ ሸካራነት ብዙ ስለሚጨምር፣ ብዙ መቶ ሰዎች ማሰለፍ ግድ ሆነ። ቁልቁለቱንም ሲወርድ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ በገመድ መያዝ አስፈለገ። ሥራው አላነሰም፤ መድፉ በወጣው በእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ 6,860,000 ጁል ተከፍሏል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሊከፈል የማይችለው ዕዳ በረጅም መንገድ ተከፋፍሎ ተከፈለ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ ተማሪዎቹን ወደዚያ የሚወስድ መምህር ቢኖር መድፉን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ያሳያቸው።

ከንጉሥ መድፍ ወደ ልጃገረድ እንስራ እንውረድ፤ ሕጉ ሰውን ከሰው አይለይምና። ምንጩ ከመንደሩ 50 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ እንደ ሆነ፣ 40 ኪሎ ግራም የምትመዝን ልጅ 20 ሊትር ውሃ ተሸክማ ወጣች እንበል። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ግራም ነው። የእንስራውን ክብደት ትተን ውሃውን ለማንሣት ብቻ 9,800 ጁል ትከፍላለች። ነገር ግን የራስዋን ሰውነት ደግሞ ማንሣት አለባት፤ ይህም 19,600 ጁል ነው። በጠቅላላው 29,400 ጁል ሆነ። ከ3 እጅ 1 እጁ ብቻ ለውሃው ሲሆን፣ 2 እጁ የገዛ አካልዋን ወደ ላይ ለማውጣት የዋለ ነው። የሰው ጡንቻም ከምግቡ ወደ ሥራ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ አንድ ጉዞ ከ117,000 ጁል በላይ የሚሆን ምግብ ይቃጠላል። ወደ ምንጩ ስትወርድም ያወጣችው ጕልበት አይመለስላትም፤ በጕልበቷና በጡንቻዋ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ድካምና ሥራ አንድ አይደሉም ያልኋችሁ ለዚህ ነው። 9,800ውን ጁል ማንም ሊያስቀርላት አይችልም፤ ውሃው 50 ሜትር መውጣት አለበትና። 19,600ውን ግን ማስቀረት ይቻላል። ውሃው ብቻ ይውጣ፤ ልጅቱ ትቅር። የጕድጓድ ውሃ በሆነበት ስፍራ በከራና ገመድ ወይም የእጅ ፓምፕ ውሃውን እንጂ ቀጂውን አያነሣም። ከመንደሩ በላይ ምንጭ ባለበት ስፍራ ውሃው በቧንቧ በራሱ ይወርዳል፤ ወደዚያ ከፍታ ያነሣችው ፀሐይ ናትና ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። ከመንደሩ በታች የሚወርድ ወንዝ ባለበትም፣ ጆሴፍ ሞንጎልፊዬ የተባለው ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1796 የሠራው ዓይነት መምቻ ፓምፕ ያለ ማገዶ ውሃ ያወጣል። እርሱም ቢሆን ከሕጉ አያመልጥም፤ 1 ሊትር ውሃ 50 ሜትር እንዲወጣ፣ ከ10 ሊትር ያላነሰ ውሃ 5 ሜትር መውረድ አለበት፤ ከፍትጊያውም የተነሣ ከዚያ ይበልጣል።

የውሃ ወፍጮም የሚፈጨው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ታላቅ ግድብም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ቢወርድ 980,000 ጁል ይሰጣል። ይህም ከላይ የቈጠርነውን ውሃ 100 ጊዜ ለማንሣት የሚበቃ ነው፤ ከመንገድ የሚባክነውን ሳንቈጥር።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ለማስተማር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ሳንቃ፣ አንድ ገመድ፣ በከረጢት የታሰረ ድንጋይና የሚንጠለጠል የገበያ ሚዛን ይበቃል። ድንጋዩን አስቀድማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ግማሽ ሜትር ከፍታ አንሡ፤ ቀጥሎም በ1 ሜትር ሳንቃ፣ ከዚያም በ2 ሜትር ሳንቃ ወደዚያው ከፍታ ሳቡ። ልጆቹ ሚዛኑ ያሳየውን በአንድ ዐምድ፣ መንገዱን በሌላ ዐምድ ጽፈው ያባዙ። ኃይሉ ሲያንስ ብዜቱ ግን ከመጀመሪያው ሲበልጥ እንጂ ሲያንስ እንደማያገኙት በዓይናቸው ያያሉ። ሳንቃውን ሞራ ቀብታችሁ ድገሙት፤ ትርፉ ሲቀንስ የፍትጊያን ዋጋ ይማራሉ። ማረሻ ወደሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ዘንድም ውሰዷቸው፤ እጁ የሚያውቀውን ቍጥር እነርሱ ይጻፉለት፤ እርሱም ያልተጻፈውን ያስተምራቸው።

ሽማግሎች ሆይ፤ ለመንደራችሁ መሣሪያ ሊገዛ በተመከረ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጕልበቱ ከየት ይመጣል? በመንገድ የሚባክነው ስንት ነው? ዛሬ ያን ብክነት የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ፣ በትምህርት ሰዓት በዳገት ላይ ያለችው ልጅ ናት ይሆናልና። እርሷ በየቀኑ የምትከፍለውን ሁለት እጅ ብናስቀርላት፣ ያ ጕልበትና ያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። ሥራን ያለ ዋጋ የሚሰጥ መሣሪያ የለም፤ ድካምን ከከንቱ የሚያድን ግን አለ። እርሱንም መርጦ ለመንደሩ ማስገባት የእናንተ ምክር ነው።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ ልጆቻችሁንም ለዕውቀት ያብቃ።