ድሪቶና ባለመስመሩ ገበር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰናዳ ንግግር)



በአማርኛ «ድሪቶ» የችግር ስም ነው። እራፊ በእራፊ ላይ የተደረበበትን ልብስ ከመሰየም አልፎ፣ ወጥነት የጎደለውን ሥራ ሁሉ ለመንቀፍ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ቁርጥራጭን አጋጥሞ መስፋት ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑ ተመስክሮለታል። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በተባለች መንደር፣ የባሮች ተወላጆች የሆኑ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ለብርድ መከላከያ ይሰፏቸው የነበሩት የአልጋ ልብሶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ቀርበዋል፤ በ2006ም በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታትመዋል።

ይህን ሥራ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሚያደርገው ልኩ ነው። ባለ 2 ኢንች ካሬ ቁርጥራጮች 20 በ20 ቢደረደሩ 400 ይሆናሉ። እነዚህን በረድፍ ለማያያዝ 380 አጫጭር ስፌት፣ ረድፎቹን ለማጋጠም ደግሞ 19 ረጃጅም ስፌት ያስፈልጋል። በየስፌቱ የክር ያህል ስሕተት ቢፈጠር እንኳ፣ ስሕተቱ እየተደመረ ሄዶ ማዕዘኖቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ባለመስመሩ ገበር የመጣው ለዚህ ችግር ነው። ስስ ሆኖ የካሬ መስመር የታተመበት፣ በአንድ ፊቱም በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ሙጫ ያለው ነው። ሙጫው ወደ ላይ ሆኖ ይነጠፋል፤ ቁርጥራጮቹ መስመሩን ተከትለው ይደረደራሉ፤ ከዚያም ካውያው ሳይጎተት፣ እየተነሣ እየተቀመጠ ይተኮሳል። ከተጣበቀ በኋላ በየመስመሩ እየታጠፈ፣ የጨርቁ ፊት ለፊት ተገጥሞ፣ ከእጥፋቱ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ይሰፋል። የአንዱ አቅጣጫ ስፌት ሲያልቅ፣ መገናኛዎቹ ላይ ያለው የስፌት ትርፍ በመቀስ ይሰነጠቃል፤ ተጎራባቾቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ይተኛሉ። ቀጥሎ ሁለተኛው አቅጣጫ ይሰፋል። በዚህ ዘዴ 399 የነበረው ስፌት ወደ 38 ይወርዳል። 40 ኢንች የነበረው ጎንም 30 ኢንች ተኩል ሆኖ ይወጣልና፣ ልኩ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ገበሩ ጨርቁን ያደርቀዋል፤ በመገናኛው ላይ ውፍረት ይፈጥራል፤ በእጅ ለሚሰፋም መርፌውን ያከብድበታል። ናይለን በካውያው ሙቀት ይቀልጣል። ያልታጠበ ጥጥም ኋላ ሊሸበሸብና ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ገበሩ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ፣ ሰውነት ላይ ለስላሳ ሆኖ ሊያርፍ ለሚገባው የሕፃን መጠቅለያ እምብዛም አይመከርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያከራክረው፣ መሣሪያው የባለሙያውን ድርሻ ይወስድ እንደ ሆነ ነው። የታተመው መስመር ስፌቱን ያቀናል፤ የትኛው ጨርቅ ከየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ ግን አይናገርም። እንግሊዛዊቱ ዲርድሪ አምስደን በ1980ዎቹ ባስፋፉት አሠራር፣ በአበባ የተነቆጡ ትናንሽ ቁራጮች ከድምቀት ወደ ጥቁረት ቀስ በቀስ እየተሸጋገሩ ሲደረደሩ፣ ከሩቅ በውሃ ቀለም የተሣለ ሥዕል ይመስላሉ። ይህንን የሚያገኘው ከመተኮሱ በፊት ራቅ ብሎ የሚመለከት፣ ያልተስማማውን ቁራጭ አንሥቶ ሌላ የሚተካ ዓይን ነው። ካውያው ካረፈ በኋላ ግን ሐሳብን መለወጥ ያዳግታል።

እንግዲህ ቁርጥራጩን ከወለል ላይ ጠርጎ ከመጣል በፊት፣ እንደ ድምቀቱና እንደ ጥቁረቱ ለይቶ ማስቀመጥ የዚህ ሙያ መጀመሪያ ነው። ለዚህም ገበር መግዛት አያስፈልግም፤ ጥቂት መሶብና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል።