እንግዳ ሆኖ መሄድ
(ለጉዞ ለሚነሡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ወደ አርባ ምንጭ ስንቅ ከመቋጠራችን በፊት ባለፈው ጉዞአችን ያጠፋነውን መናገር ይገባናል።

የጨንቻን ዳገት ስንወጣ ልጆች በመንገዱ ላይ እየጨፈሩ ሳንቲም ጠየቁን፤ እኛም በአውቶቡሱ መስኮት ወረወርንላቸው። ደግ የሠራን መስሎን ነበር። ነገር ግን ልጁ ትምህርቱን ትቶ መኪና እንዲጠብቅ፣ ያውም ጎማ ሥር እንዲሻማ ያስተማርነው እኛው ነን።

ሁለተኛው ጥፋታችን የባሰ ነው። ያገኘነውን ሸማኔ ሁሉ «ዶርዜ» እያልን ጠራን። ዶርዜ ግን ከብዙዎቹ የጋሞ ደሬዎች አንዱ ብቻ ነው። አንድ አዛውንት፣ «እኔስ የዶኮ ሰው ነኝ፤ የለበሳችሁትን ጋቢ የሠራውንስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ሦስተኛ፣ ከቀርከሃና ከእንሰት የተሠራውን ረጅም ቤት ሳናስፈቅድ ፎቶግራፍ አነሣን። ቤቱ የሰው መኖሪያ ነው እንጂ ሙዚየም አይደለም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው እንደመለሱት ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ የምንሄደው ከእንዲህ ያሉ አባቶች ልንማር ነው እንጂ ልናይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ዘንድሮ አስፈቅደን እናንሣ፤ ሸማውን ከሸማኔው እጅ በተገቢው ዋጋ እንግዛ፤ ለልጆቹ ያሰብነውን ደብተር ለትምህርት ቤቱ እናስረክብ፤ ስምና አገር እንጠይቅ። በጫሞ ዳርም እግራችንን አንታጠብ፤ አዞው እንግዳ አይለይምና።