የሕፃናት መጽሐፍና የባለቤቱ ቃል



መምህር በክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ ሕፃናቱ የሚማሩት ታሪኩን ብቻ አይደለም። ማን ተናጋሪ፣ ማንስ የሚነገርለት እንደ ሆነ አብረው ይማራሉ። ስለዚህ «መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው? ስለሚተርክለትስ ሕዝብ ምን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ የሐያሲ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ግዴታ ነው።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከተነሣባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በ1965 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ናንሲ ላሪክ የተባሉ የትምህርት ባለሙያ፣ በቀደሙት ሦስት ዓመታት ከታተሙት ከ5,000 የሚበልጡ የሕፃናት መጻሕፍት መካከል ጥቁር አሜሪካዊ የሚገኝባቸው 6.7 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ።

ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ፣ እዝራ ጃክ ኪትስ በ1962 ያሳተመው «በረዷማው ቀን» ነው። ኪትስ ከፖላንድ ከፈለሱ አይሁድ ወላጆች በብሩክሊን የተወለደ ነጭ ሠዓሊ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ባለታሪክ ፒተር ግን ከራሱ እስከ እግሩ ቀይ ለብሶ በበረዶ የሚጫወት ጥቁር ሕፃን ነው። መጽሐፉ በ1963 የካልዴኮትን ሜዳልያ አገኘ። ላሪክ ግን ጽሑፉ የልጁን ጥቁርነት በቃል አለማንሣቱንና የእናቲቱን አሣሣል ነቀፉ። በሌላ በኩል ለኪትስ ከደረሱት ደብዳቤዎች በአንዱ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በቡናማ ቀለም መሣል እንደ ጀመሩ መምህርታቸው ገልጣለት ነበር። ነቀፌታውም ምስጋናውም ተገቢ ነበር።

ከዚህ ፍጹም የተለየ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1976 «የትንሹ ዛፍ ትምህርት» የተባለ መጽሐፍ ታተመ። ፎረስት ካርተር ነኝ ያለው ደራሲ፣ ወላጆቹ ሞተውበት በቼሮኪ አያቶቹ ዘንድ እንዳደገ ሰው ሆኖ መጽሐፉን እንደ እውነተኛ የሕይወት ታሪክ አቀረበ። መጽሐፉ ትምህርት ቤቶችም ገባ። በ1991 ግን ደራሲው በ1979 የሞተው ኤሳ ካርተር፣ ማለት በአላባማ የኩ ክላክስ ክላን አባል የነበረና ለገዢው ጆርጅ ዋላስ ዘርን ከዘር የሚለያይ ንግግር የጻፈ ሰው መሆኑ በሰፊው ታወቀ። የቼሮኪ ተወላጆችም በመጽሐፉ ያሉት ቃላትና ልማዶች የነሱ አለመሆናቸውን መሰከሩ። ኒው ዮርክ ታይምስም መጽሐፉን ከእውነተኛ ታሪክ ሠንጠረዥ አውጥቶ ወደ ልብ ወለድ አዛወረው። ሕፃናቱ የተማሩትን ማዛወር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ኪትስ የሌላውን ልጅ በአክብሮት ተመለከተው፤ ካርተር የሌላውን ማንነት ሰርቆ ለበሰው። እንግዲህ በሽፋን ላይ የሚነገር ትውልድ ለእውነተኛነት ዋስ አይሆንም፤ ባዕድ መሆንም ብቻውን በደል አይደለም። ይሁን እንጂ የባዕድ በጎነት የባለቤቱን ቃል አይተካም። ሚልድረድ ቴይለር በ1977 የኒውቤሪን ሜዳልያ ያገኘችበትን መጽሐፍ የጻፈችው፣ አባቷና ዘመዶቿ ስለ ሚሲሲፒ ኑሮ ያወሩላትን ይዛ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከቤተ መጻሕፍት አይቀዳም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በብርድ ተራራ ላይ ራቁቱን ለማደር ከጌታው ጋር የተወራረደው ሎሌ፣ በሩቅ የሚነድ እሳት እያየ ሌሊቱን ያነጋበት ተረት የታወቀ ነው። ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው በ1950 በእንግሊዝኛ አሳተሙት፤ በሚሲዮናውያን ወላጆቿ ዘንድ በኢትዮጵያ ያደገችው አሜሪካዊት ጄን ከርትዝም በ1994 ለሕፃናት ጻፈችው። እነዚህ ሰዎች ተረቱን ለሩቅ አንባቢ በማድረሳቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ተረቱን በምድጃ ዳር ሲያወርሱ የኖሩት አያቶች ስም በሽፋን ላይ አይገኝም።

መምህሩ ተረቱን ሲያነብ ይህን ለተማሪዎቹ ቢነግርና «እናንተ ቤት እንዴት ይነገራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕፃኑ የቤቱ ቃል ለመጽሐፍ የሚበቃ መሆኑን ይረዳል። ነገ ጸሐፊ የሚሆነውም ይህን የተረዳ ልጅ ነው።

በተረቱ መጨረሻ ጌታው «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ሎሌውን ዋጋውን በከለከለው ጊዜ፣ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ደግሶ ለእንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ ሰጣቸው። በሽታ የጠገበ እንግዳ አልተገኘም። የራሱን ታሪክ ምንጊዜም ከሌላው እጅ ብቻ የሚቀበል ሕፃንም ከነዚያ እንግዶች አይለይም፤ ሽታው ይደርሰዋል፣ ማዕዱ ግን አይቀርብለትም።