ስለ ድንበር ጭነትና ስለ ጉምሩክ ወረቀት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «አንተ 30 ዓመት ወደብ የተመላለስክ ሰው ነህ፣ ለወጣት ሹፌሮቻችን አንድ ነገር ንገራቸው» ብለው ስላዘዙኝ ነው ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት። እኔ መሪ እንጂ ድምፅ ማጉያ ይዤ አላውቅም። ብሳሳት ታርሙኛላችሁ።

እንደሚታወቀው ለእኛ ለሐረር ሰዎች ጅቡቲ ሩቅ አገር አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በቆላው አለፈ እንጂ፣ ከሐኪም ጋራ ሆኖ ለሚያስብ ባሕሩ ቅርብ ነው። ለጭነት መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እኔ በሠራሁበት ዘመን የደወሌው መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም። ስለዚህ ከጅቡቲ በጋላፊ ገብተን፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፈን አዋሽ እንደርሳለን፤ ከዚያ ደግሞ በሚኤሶ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርገን ደንገጎ ላይ ወደ ድሬዳዋ ጉምሩክ እንወርዳለን። የጎረቤትን ቤት በር ለማንኳኳት ከተማውን በሙሉ እንደ መዞር ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ከተዘጋብን ወዲህማ ያ ሁሉ የአሰብ መኪና ጅቡቲ ላይ ተከማቸ። ለመጫን ብቻ ስንት ቀን ወረፋ ይጠበቅ ነበር!

አሁን የምነግራችሁ በ1992 ዓ.ም. ሰኔ ወር የደረሰብኝን ነው። መኪናዬ ኤንትሬ ከነተሳቢዋ ነበረች። ጭነቱ ብርጭቆና ፔርሙዝ ሲሆን፣ ወረቀቱ 640 ካርቶን ይላል። ጫኞቹ ሌሊት ነው የጫኑት። ሙቀቱ ልብ ያጠፋል፤ እኔም ደክሞኝ ከተሳቢው ሥር ተኝቼ ነበር። ቀስቅሰው «ፈርም» ሲሉኝ ፈረምኩ። ሳልቆጥር!

አገር ውስጥ ከገባን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሸራውን አስፈትቶ፣ ዕቃውን አስወርዶ ቆጠረ። 643 ሆነ። ሦስት ካርቶን ትርፍ። ጫኞቹ ተሳስተው ይሁን፣ አንዱ ብልጥ አሾልኮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈታሹን አልወቅስም፣ የቆጠረው እሱ ነው፣ ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ። «ጌታዬ፣ የኔ አይደለም» ብዬ ለመንኩት። «ታዲያ የማን ነው? መኪናው ላይ ያለኸው አንተ» አለኝ። እውነቱን ነው። ነጋዴው አዲስ አበባ፣ ትራንዚተሩ ጅቡቲ፣ ኬላው ላይ ያለው ሹፌሩ ብቻ። ወረቀቱ የሚለውና መኪናው የተሸከመው አንድ ካልሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው።

የተስተካከለው ወረቀት እስኪመጣ 11 ቀን ተቀመጥኩ። ውኃ በጀሪካን እየገዛሁ፣ ከተሳቢው ሥር እያደርኩ። በአምስተኛው ቀን ሁለት የከተማችን ሹፌሮች ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ አገኙኝ። ሻይ ጠጣን። «ቤት እንዴት ነው?» ስላቸው «አቦ፣ ሁሉ ደህና ነው» አሉኝ። አንደኛው ግን ዓይኔን አያይም። ሲሄድ የራሱን ውኃ ሙሉ ጀሪካን ትቶልኝ ሄደ። በመታሰሬ ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር።

ወጣቶች «ዛሬ ዕቃው በኮንቴይነር ታሽጎ ነው የሚመጣ፣ ምኑን እንቆጥራለን?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እንግዲያው የእሽጉን ቁጥር ተመልከቱ። የእሽጉ ቁጥር፣ የኮንቴይነሩ ቁጥርና የሰሌዳችሁ ቁጥር በትራንዚት ሰነዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ከወደቡ በር ሳትወጡ አመሳክሩ። አንዲት ፊደል ብትለይ አትንቀሳቀሱ፤ እዚያ ግማሽ ቀን ብትቆሙ ይሻላችኋል። መንገድ ላይ ተጋጭታችሁ እሽጉ ቢበጠስ በእጃችሁ አትንኩት፤ ለቅርቡ ፖሊስና ለጉምሩክ አመልክታችሁ በጽሑፍ ይያዝላችሁ። ሊብሬውና የኮሜሳው ቢጫ ካርድ፣ ማለት የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። ከሁሉ የከፋው ግን «እግረ መንገድህን ይችን ለእህቴ አድርስልኝ» የምትባለዋ ፌስታል ናት። ይሉኝታ ይዟችሁ ተቀብላችሁ ጋቢና ውስጥ ከጣላችኋት፣ ኬላ ላይ ስትገኝ እህትየው አትመጣላችሁም።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ስምምነት ቲር የሚባል ደብተር አለ፤ የታሸገ መኪና በዚያ አንድ ደብተር ብዙ አገር ያቋርጣል። እንግሊዝ ከአውሮፓ የጉምሩክ ኅብረት ከወጣች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በፊት ዝም ብለው ባሕሩን ይሻገሩ የነበሩ ሹፌሮች የጉምሩክ ወረቀት አሟሉ ተብለዋል።

ወደ ራሴ ልመለስ። ተለቅቄ፣ ዕቃውን ድሬዳዋ አራግፌ ማታ ወደ ሐረር ስወጣ አወዳይ ላይ አንድ የሰፈራችን ሰው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። «ዛሬ እኔ ዘንድ እደር» አለኝ። ቤቴ እዚህ ቅርብ ሆኖ ለምን አድራለሁ? ግን እንቢ አላልኩም። ንጋት ላይ የዕድራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ሲገቡ ሳይ ገባኝ። አባቴ ከሞቱ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። እናንተ ድንኳን ተክላችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ቀብራችኋቸዋል። መኪናውንና የሰው ንብረት ጥዬ መምጣት እንደማልችል ስላወቃችሁ መርዶውን ወደዚያ አልላካችሁም። እነዚያ ሁለት ሹፌሮችም ሻዩን አብረውኝ ሲጠጡ ያውቁ ነበር።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ድንበር የሚሻገር አባል ሁሉ የመንጃ ፈቃዱን ግልባጭ፣ የመኪናውን ባለቤትና የትራንዚተሩን ስልክ ለጸሐፊያችን ያስቀምጥ። ያን ጊዜ ለእኔ ማን ዘንድ እንደሚደወል ቤተ ሰቤም ዕድሩም አያውቁም ነበር፤ መያዜን የሰሙት ከመንገደኛ ነው። ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ ያለ ሹፌር ቀብር ላይ አልተገኘም ተብሎ የሚቀጣው ነገር ይታይልን። እኔ በዚህ ዕድር ብዙ ቅጣት ከፍያለሁ፣ አላማረርኩም። የአባቴ ቀብር ዕለት የተያዘውን የስም መቆጣጠሪያ ግን በኋላ አይቼዋለሁ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ከስሜ ጎን «ቀረ» ብለው ጽፈው ሰርዘውታል፤ ከሥሩ «ኬላ ላይ ነው» ይላል።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።