በተዘጋ መብራት ውስጥ ያለ አምፖል እንዳይግል
በአርሞን ሃናጺቭ ለሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አምፖል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ቤት እስከ ማቃጠል ይደርሳልና በጥሞና አድምጡ።

በአገር ቤት ወላጆቻችን ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ያጠፉ ነበር። እዚህ ግን መብራት ዓርብ ሳይጨልም በርቶ እስከ ቅዳሜ ምሽት፣ 25 ሰዓት ያህል፣ ሳይጠፋ ይቆያል። ስለዚህ በሌላው ቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበራው አምፖል በሰንበት ያለ ዕረፍት ይግላል።

በአፓርታማዎቻችን መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ ብዙ ጊዜ በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ የተከደነ መብራት አለ። ክዳኑ እንፋሎትና ውሃ ይከላከላል። ነገር ግን አየር ስለማያዘዋውር ሙቀቱም መውጫ ያጣል፤ እንደተከደነ ድስት ቁጠሩት። ከጊዜ በኋላ ክዳኑ ይጠቁራል፤ የሽቦው ልባስ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ሽቦ ከሽቦ ይነካካና እሳት ይነሣል።

አሮጌው ዓይነት አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ ዘጠናው ሙቀት ይሆናል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሌድ የሚባለው ግን በ9 ዋት የአሮጌውን 60 ዋት ያህል ብርሃን ይሰጣል። ይህ ሲባል ግን ሌድ ሙቀት የለውም ማለት አይደለም። ሙቀቱ ያለው አንገቱ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ዕቃዎች አንዳንዶቹ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ዓመት ይቆያል የተባለ አምፖል በተዘጋ መብራት ውስጥ ቶሎ የሚሞተው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጧት መብራቱን አጥፉ፤ ከመብራት ሳጥኑም ዝጉት። እስኪበርድ ጠብቃችሁ ክዳኑን ክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ውስጡ የተጻፈውን የዋት ልክ አንብቡ። 60 የሚል ከሆነ ከዚያ የበለጠ አታስገቡ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

ሦስተኛ፣ አምፖል ስትገዙ ለተዘጋ መብራት ይሆናል ወይ ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ። በብዙ ካርቶን ላይ «ለተዘጋ መብራት አይሆንም» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሁለት አንዱን ስትመርጡ ዋቱ ያነሰውን ውሰዱ። አምፖሉም ክዳኑን እንዳይነካ አስተውሉ።

አራተኛ፣ አቧራውንና የሞቱትን ነፍሳት ጥረጉ። እንዲበርድ ብላችሁ ግን ክዳኑን አትብሱ፤ የመታጠቢያ ቤቱንም ክዳን አውልቃችሁ አትተዉ፤ እርጥበት ከመብራት ጋር ከተገናኘ ይገድላልና።

አምስተኛ፣ በሰንበት ሌሊት ልጆች እንዲተኙ ብላችሁ በመብራት ላይ ጨርቅ ወይም ነጠላ በፍጹም አትጣሉ። ከዚያ ይልቅ በራሱ የሚያጠፋ የሰንበት ሰዓት ግዙ።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ክዳኑ ከጠቆረ ወይም አምፖል የሚጠመድበት ማቀፊያ ከተሰነጠቀ መብራቱን አታብሩ። አምፖል መለወጥ የእናንተ ነው፤ ሽቦ መንካት ግን ፈቃድ ያለው የመብራት ባለሙያ፣ ሐሽማላይ የሚባለው፣ ሥራ ነው። ከ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የመብራት ሕግም ይህን ያዛል። ተከራይ ከሆናችሁ ለባለቤቱ ሳታፍሩ ንገሩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እሳት ቢነሣ ሰንበት ነው ብላችሁ አታመንቱ፤ ነፍስ ማዳን ከሰንበት ይበልጣል። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፤ በደረጃው ውረዱ እንጂ አሳንሰር አትግቡ፤ ወደ እሳት አደጋ በ102 ደውሉ። ቁጥሩን ዛሬውኑ በር ላይ ለጥፉት፤ ለሽማግሌዎችና ለልጆችም አስጠኑ።

ብርሃናችሁ የሰላም ይሁን። ሻባት ሻሎም።