ጥይቱ ከቆመ በኋላ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ግን ብዙ ሰው ዛሬም እንቅልፍ የለውም።

የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ገበያ መሃል መሬት ላይ የሚተኛ ጎልማሳ አለ። ልጆቿ በር በኃይል ሲዘጉ ላብ የሚያጠምቃት እናት አለች። ይህ ፈሪነት አይደለም። አእምሮ አደጋውን ያለፈ ነገር አድርጎ አላስቀመጠውም፤ ድምፅ ወይም ሽታ በቀሰቀሰው ቁጥር አሁን የሚሆን ይመስለዋል። ሌሊት ቅዠት አለ፤ ቀን ደግሞ አደጋውን የሚያስታውስ መንገድንና ሰውን መሸሽ። ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀና ኑሮን ካወከ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ ድብርትን ወይም ጭንቀትን የመሰለ የአእምሮ ጤና እክል አለበት።

እኛ ዘንድ ሐዘን የሚቀለው በለቅሶው ነው፤ በድንኳኑ፣ በእድሩ፣ በተዝካሩ። በጦርነቱ ግን ስንቱ ቤተሰብ የሟቹን አስከሬን እንኳ ሳያገኝ ቀረ! እንዲህ ላለ ሰው «እርሳው፣ ቻለው» ማለት ብቸኝነቱን ያብስበታል። እንዲናገር አያስገድዱት፤ ሲናገር ደግሞ አያቋርጡት።

በባለሙያ እየታገዙ ስለደረሰው ነገር ደረጃ በደረጃ መነጋገር ብዙዎችን ያሻለ ሕክምና ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የጀመረውን መድኃኒት ግን አያቁም። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ብቻውን አይተውት፤ ዕለቱን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።