የሕፃናት የሳንባ ምችና የቤታችን ጭስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች ይሆናል። በዓለም ካሉት ተላላፊ በሽታዎች መካከል ሕፃናትን በመግደል የሚቀድመው ይኸው በሽታ ነው፤ በአገራችንም ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ነው።

ሕፃን ሳል በያዘው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ብርድ መታው» የሚል ነው። ብርድ ጨርሶ ንጹሕ ነው ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ ብርድን ብቻ ስንከስ ሌላው ጥፋተኛ ሳይጠየቅ ያመልጣል። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትጓዙ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ደጃፍ ናትና ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ይዛችሁ ወደ ድብ ባሕር ስትወርዱ ግን አየሩ እየሞቀ ይሄድና ካፖርታችሁን አውልቃችሁ በክንዳችሁ ትይዛላችሁ። ብርዱ ከዳገቱ በላይ ቀረ፤ የሳንባ ምች ግን ከዳገቱ በላይም በታችም አለ። በሁለቱም ስፍራ ሳይለወጥ የሚገኘው በጠባብ ቤት ውስጥ የሚነደው ምድጃ ነው።

በደጋው ዛፍ ስለ ተመናመነ ብዙ ጊዜ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ደግሞ ጭሱ ከእንጨቱ የባሰ ነው። እናት እንጀራ በምትጋግርበት ጊዜ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ወይም በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጭሱን አብሮ ይስባል። በአየር ቧንቧችን ውስጥ ዐቧራንና ተሐዋስያንን ከአክታ ጋር ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡ እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ። ጭስ እነዚህን ጠራጊዎች ያደክማቸዋል። የሕፃን የአየር ቧንቧ ደግሞ ጠባብ በመሆኑ ጥቂት እብጠትና ጥቂት አክታ ትንፋሹን ለማጥበብ ይበቃል። እንግዲህ የነገሩን አሳዛኝነት ተመልከቱ፤ ወላጅ ብርድን ፈርቶ በርና መስኮት ይዘጋል፣ የታመመውንም ልጅ ወደ እሳቱ ያስጠጋል። ልጁን ለማዳን ብሎ የሚያደርገው ሁሉ ጭሱን ያበዛበታል።

እናንተ በከተማ የምትኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች ይህ የባላገር ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በአንዲት የኪራይ ክፍል ስድስት ሰው ተኝቶ፣ በዚያው ክፍል ወጥ የሚሠራበትና ቡና የሚፈላበት ቤት በጎንደርም በአዲስ አበባም ጥቂት አይደለም። በተጨናነቀ ክፍል የአንዱ ሳል ለሌላው ይደርሳል። ከሥራ መልስ በሕፃን አልጋ አጠገብ ሲጋራ የሚያጨስ አባትም ከኩበቱ ጭስ የሚለየው በሽታው ብቻ ነው። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብዙ ይነገራል፤ ማገዶ መቆጠቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ከቤት ካልወጣ ለሕፃኑ ያተረፈለት ነገር እምብዛም ነው። ወጥ ቤቱን ለብቻ መሥራት፣ ይህ ባይቻል መስኮት መክፈትና እሳት በሚነድበት ሰዓት ሕፃኑን ከክፍሉ ማውጣት ይሻላል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ያልጠባ፣ በምግብ እጥረት የከሳ፣ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በሽታውን የሚቋቋምበት ኀይል ያንሰዋል። አራስ ሕፃንን ቅቤ ማላስም የቆየ ልማድ ነው፤ ቅቤው መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ከገባ ግን ራሱ ሕመም ይሆናል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥም ደም መፍሰስንና መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል እንጂ ሳንባ ውስጥ ያለውን በሽታ አይነካውም።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። አንዱ በሽተኛውን፣ አንዷ እናቲቱን፣ አንዱም ቤቱን እንዲመለከት ማለት ነው። ለሳንባ ምች ከዚህ የተሻለ አሳብ አላገኘሁም። ዛሬ ደግሞ ክትባት ተጨምሯል። ሂብ የተባለውን ተሐዋስ የሚከላከለው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኒሞኮከስን የሚከላከለው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፤ ጊዜውም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። ኩፍኝም የሳንባ ምችን ስለሚያስከትል በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠውን ክትባት አታስቀሩ።

በሽታው ከገባስ በምን ይታወቃል? ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ የእጅ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የማይነቃ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት አድርሱት። ዕድሜው 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ ሌላ ምልክት አትጠብቁለት።

በገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁ የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትንፋሹን ቆጥራ አሞክሲሲሊን እንድትሰጥ የተፈቀደላት መሆኑን ንገሯቸው። በሁለተኛው ቀን ሳሉ ቢቀንስም መድኃኒቱ እስከ ታዘዘለት ቀን ድረስ ይሰጥ፤ የተረፈውን ለታናሹ ልጅ ብሎ ማስቀመጥ አይገባም።